እማዬ መርሳት ጀምራለች፤ ውክልናው አይሠራም ተባልን። ምን ይሻላል?

የመነን ልጅ | ጥቅምት 12 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ነገር መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ድስት ጥዳ ትረሳለች። ሦስተኛውን ቡና ጠጥታ ስታበቃ «ዛሬ ቡና የለም እንዴ?» ትላለች። ባለፈው ሰኔ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ 40 ዓመት የኖረችበት ሰፈር ጠፋባት። የሰፈር ልጆች ይዘዋት መጡ። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ የመርሳት በሽታ ነው አሉን።

ከአምስት ዓመት በፊት ደህና ሳለች ለእኔ ውክልና ሰጥታኝ ነበር። በእሱ ነው የቤት ኪራይ የምቀበለው፣ ከባንክ የማወጣው፣ መድኃኒቷን የምገዛው። ባለፈው ሳምንት ባንክ ሄጄ ሠራተኛዋ ስለ እናቴ ስትጠይቀኝ እንደ ሰው አጫወትኳት። «ታማብኛለች፣ አንዳንዴ እኔንም አትለየኝም» አልኳት። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። «እንዲህ ከሆነ ውክልናው አይሠራም፣ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጪ» አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ሦስት ነን። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ነው። ቤቱ ተሽጦ እማዬ በሠራተኛ ትጠበቅ ይላል። ታናሽ ወንድሜ አብሯት ነው የሚኖረው፣ ቤቱ አይነካም ይላል። እኔ መሐል ነኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደ መሸጡ አዘነብላለሁ። የመድኃኒቱ ዋጋ ከብዶኛል።

ጥያቄዬ፣ ሰው አእምሮው ሲደክም በእሱ ስም የሚወስነው ማነው? ከየት ልጀምር?

መፍትሔ | ጥቅምት 12

እህቴ፣ ፍርድ ቤት ገብተሽ ዓመት ሙሉ አትጉላዪ። ልቧ መለስ የሚልበት ቀን ይኖራል አይደል? ጠዋት ጠዋት ይሻላቸዋል። በዚያ ቀን ይዘሻት ሂጂና ቤቱን በስጦታ ወደ ስምሽ አዙሪው። ካልሆነም እቤት ውስጥ በጣት አሻራ አስፈርሚያት፣ ሁለት ምስክር ይበቃል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይሄንን ነው።

ሰሚት 3 | ጥቅምት 12

የመነን ልጅ፣ እባክሽ ይሄንን አታድርጊ። እኛ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ።

አባታችን ስትሮክ መታው። ታላቅ ወንድማችን አልጋው ላይ እንዳለ በጣት አሻራ የቤት ስጦታ አስፈረመው። ምስክሮቹ የወንድሜ ጓደኞች ነበሩ። እኛ የሰማነው ከሦስት ወር በኋላ ነው። አባታችን በሕይወት እያለ እህቴ ለፍርድ ቤት አመለከተች፣ ሞግዚት ማለትም ንብረቱን የምታስተዳድር ሆና ተሾመች፣ ከዚያ በሞግዚትነቷ ስጦታው ይፍረስ ብላ ከሰሰች።

ክርክሩ አራት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ነገሩን የቆረጠው የሐኪም ካርዱ ነው። ፊርማው ከመፈረሙ 11 ቀን በፊት ሐኪሙ «ልጆቹን አይለይም፣ ቀኑን አያውቅም» ብሎ ጽፎ ነበር። ስጦታው ፈረሰ። አባቴ ግን ውሳኔውን ሳያይ ሞተ። እኔና ወንድሜ ዛሬ ለቅሶ ላይ ብንገናኝ እንኳ ሰላም አንባባልም። ቤቱ ተመልሷል፣ ወንድሜ ግን አልተመለሰልኝም።

ጠበቃ ከልደታ | ጥቅምት 13

መፍትሔ፣ የሰጠኸው ምክር ሰውን ለመከራ የሚዳርግ ነው። ፈቃዷን መስጠት የማትችልን ሴት ጣት ይዞ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ማስፈረም አይባልም። እህታችንን በወንጀል እንኳ ሊያስጠይቃት ይችላል።

የመነን ልጅ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቀስ ብለን እንሂድ።

መነሻው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ መጀመሪያ የተቀመጠው ነገር ደስ ይላል። ማንኛውም ሰው ለራሱ የመወሰን ሕጋዊ ችሎታ እንዳለው ይገመታል። የለውም የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ስለዚህ እናትሽ ታመዋል ማለት ብቻውን ሕጋዊ ችሎታቸውን አጥተዋል ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት እስካልከለከላቸው ድረስ በሕግ ዓይን ሙሉ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ አንድን ውል ሲፈርሙ የሚፈርሙትን እንዳላወቁ ከተረጋገጠ ያ ውል ሊፈርስ ይችላል። የሰሚት ቤተሰብ ላይ የሆነው ይሄ ነው።

ስለ ውክልናው። የባንክ ሠራተኛዋ ያለችሽ መሠረት አለው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልና ይቀራል። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም። «እናቴ ስትደክም ይጠቅመኛል» ብለን የምናወጣው ወረቀት፣ ሲደክሙ እጃችን ላይ ይሞታል። ደህና ሳሉ ወላጆቻችሁን ውክልና የምታስወጡ ሰዎች ይሄንን ጉዳይ ከሕግ ባለሙያ ጋር አንሡት። ችሎታ ቢጠፋም ይቀጥላል የሚል ቃል በግልጽ እንዲገባ ጠይቁ። ደግሞም ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ኪራይ መቀበል፣ ዕዳ መክፈል የመሳሰለውን። ቤት ለመሸጥ፣ መያዣ ለማስያዝ፣ ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ያንቺ ወረቀት ምናልባት ቤት ለመሸጥ ድሮም አይበቃም ነበር።

አሁን ያለው መንገድ የፍርድ ክልከላ ይባላል። ሰውየው በአእምሮ ሕመም፣ በእድገት ጉድለት ወይም በእርጅና ምክንያት የሚሠራውን ማመዛዘን ካቃተው፣ ጤናውና ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤት ይከለክለዋል፣ ሰው ይሾምለታል። ማመልከት የሚችሉት ሰውየው ራሱ፣ ባል ወይም ሚስት፣ የሥጋም የጋብቻም ዘመድ፣ ዐቃቤ ሕግም ናቸው።

የሚሾመው ሰው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰው ሁሌ ያደባልቀዋል። አሳዳሪ የሰውየውን አካልና ደህንነት የሚጠብቅ ነው፤ የት ይኑር፣ ማን ይንከባከበው፣ ምን ይታከም። ሞግዚት ንብረቱን የሚያስተዳድር ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰውም ሊካፈለው ይችላል። አብሯት የሚኖረው ወንድምሽ አሳዳሪ፣ አንቺ ሞግዚት ብትሆኑ እኔ አይከፋኝም።

ልብ በይ። ሞግዚት ሆንኩ ብለሽ ቤቱን መሸጥ አትችዪም። የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልግሻል፣ ሽያጩ ለእናትሽ እንደሚጠቅም ማስረዳት አለብሽ። ለወንድምሽ ይጠቅማል ማለት አይበቃም። ሒሳብም ትጠየቂያለሽ።

የመነን ልጅ | ጥቅምት 13

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። እማዬን ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብኝ ወይ? ሰው ፊት አእምሮ የላትም ሲባል ከሰማች ትሞትብኛለች። ሁለተኛ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ እንዴት ይስማማ?

ጠበቃ ከልደታ | ጥቅምት 13

ሕጉ ፍርድ ቤቱ ሰውየውን ሳያይ እንዲከለክለው አይፈልግም። መምጣት ካልቻሉ ተመልክቶ የሚያስረዳ ሰው ይላካል። ይሄንን እንደ ጣጣ አትቁጠሪው። የእናትሽ ትልቁ ጥበቃ እሱ ነው። ይህ ባይኖር ኖሮ ማንም ልጅ የሐኪም ወረቀት ይዞ ሄዶ እናቱን ያስከለክል ነበር። ወንድምሽ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክልሽ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል።

ቃላቱ ከባድ መሆናቸው እውነት ነው። ሕጉ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አነጋገሩም የዚያን ዘመን ነው። አቤቱታሽን ስትጽፊ ግን እናትሽን በምን ቃል እንደምትጠሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። «የመርሳት ሕመም ያለባቸው» ብለሽ ብትጽፊ ማንም አይከለክልሽም።

ጎህ | ጥቅምት 14

ለሁለት ቀን ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። እዚህ የሚጽፈው ሁሉ ልጅ፣ ወንድም፣ ጠበቃ ነው። እኔ የተከለከልኩት ሰው ነኝ።

በ24 ዓመቴ ስኪዞፍሬኒያ ያዘኝ። ድምፅ እሰማ ነበር። ቤተሰቦቼ መጀመሪያ ጸበል ወሰዱኝ፣ ሰባት ወር ታስሬ ተጠመቅኩ። አልፈርድባቸውም፣ የሚያውቁት መንገድ እሱ ነው። በኋላ መድኃኒት ጀመርኩ። በዚያው መሐል አባቴ ሞተ፣ ለእኔም የውርስ ድርሻ ደረሰኝ። አጎቴ አመለከተ፣ እኔም ተከለከልኩ። ያኔ ልክ ነበሩ። ያኔ ብር ቢሰጡኝ መንገድ ላይ እበትነው ነበር።

ግን እኔ ተሻለኝ። አሁን ስምንት ዓመት ሆነኝ ድምፅ ከሰማሁ። መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ። እንጨት ቤት እሠራለሁ፣ በር እገጥማለሁ፣ ሰው አምኖ ቁልፉን ይሰጠኛል። ክልከላው ግን እንዳለ ነበር። እኔ ስሻል እሱ አብሮኝ አልተሻለም። የራሴን ደመወዝ የማስገባበት የባንክ ደብተር ልከፍት ስሄድ አጎትህን ይዘህ ና ተባልኩ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ።

በጣም ያመመኝ ግን ትዳር ነው። የምወዳትን ልጅ ላገባ ስል በፍርድ የተከለከለ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግባት እንደማይችል ሰማሁ። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 15 ላይ አለ። ለማመልከት ግን እኔ ራሴ እችል ነበር፣ ማንም አልነገረኝም እንጂ። ሁለት ዓመት ጠበቀችኝ። ሌላ ሰው አገባች። አልፈርድባትም።

በመጨረሻ የክትትል ሐኪሜ ሲሰማ ተናደደና ደብዳቤ ጻፈልኝ። ክልከላው ይነሳልኝ ብዬ አመለከትኩ። ዳኛዋ ብዙ ጠየቀችኝ። ቀኑን፣ የደመወዜን መጠን፣ መድኃኒቱን ባቆም ምን እንደምሆን። የመጨረሻውን በደንብ መለስኩላት፣ ምክንያቱም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ተነሳልኝ። ከፍርድ ቤቱ ስወጣ መጀመሪያ ያደረኩት ሲም ካርድ በስሜ ማውጣት ነው።

የመነን ልጅ፣ እናትሽ ላይሻላቸው ይችላል፣ የእኔና የእሳቸው አይመሳሰልም። ግን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እሳቸው ምን ይፈልጋሉ? ሦስት ልጆች የሚሉትን ጽፈሻል። እሳቸው ያሉትን አልጻፍሽም።

ሲስተር | ጥቅምት 14

ጎህ፣ ያነበብኩት እያለቀስኩ ነው። ፈጣሪ የተሻለ ያምጣልህ።

የመነን ልጅ፣ ነርስ ነኝ፣ ብዙ አረጋውያን አያለሁ። ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመሩ። የመርሳት በሽታ አለባቸው ማለት ሁሉም መደናገር ከእሱ ነው ማለት አይደለም። በአረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብቻውን በሁለት ቀን ሰውን ሊያስቀባጥር ይችላል። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ውሃ አለመጠጣት፣ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም እንደዚያ ያደርጋሉ። እነዚህ ይታከማሉ። ጆሯቸውንም አሳዪ። የማይሰማ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ የተሳሳተ ነገር ይመልሳል፣ እኛ ደግሞ ጃጁ እንላለን።

የሚመዝናቸው ሐኪም የሚጠይቀውን ለብዙ ቤተሰብ አስረድቻለሁ። የተነገረውን ይረዳል? ውሳኔው እስኪወሰን በአእምሮው ይይዘዋል? ይሄኛው ቢሆን፣ ያኛው ቢሆን ብሎ ያወዳድራል? ፍላጎቱን በቃልም ይሁን በምልክት ይገልጻል? ደግሞ ሰዓቱን ምረጪ። ብዙዎቹ አመሻሽ ላይ ይረበሻሉ፣ ጠዋት ቁርስ በልተው የተሻሉ ናቸው። መፍትሔ ጠዋት ያልካት ለማስፈረም ነው። እኔ ጠዋት የምለው ለማዳመጥ ነው።

«ረሳሽው እንዴ? አሁን ነገርኩሽ እኮ!» አትበያት። ምንም አይጨምርላትም፣ ያስፈራታል እንጂ።

ብሬል | ጥቅምት 15

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ግን ይገናኛል። እኔ ማየት የተሳነኝ መምህር ነኝ። አእምሮዬ ደህና ነው፣ 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድ ባንክ ገንዘብ ላወጣ ስሄድ የሚያይ ሰው ይዘህ ና ተባልኩ። ሕጉ ነው አሉኝ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አስነብቤ አየሁት። አንቀጽ 340 ማየትና መስማት የተሳናቸውን ይጠቅሳል፣ ግን የሚለው ሌላ ነው። ራሱን ወይም ንብረቱን መምራት ያቃተው ሰው ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ ለጥቅሙ ሊጠይቅ ይችላል ነው የሚለው። መጠየቁ የእኔ ምርጫ ነው፣ በእኔ ላይ የሚጫን ነገር አይደለም። ሌላው አንቀጽ 1728 ነው። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው ይላል። ይሄ እንዳልታለል የተጻፈ ነው። በተግባር ግን ከማጭበርበር ሊያድነኝ የመጣው አንቀጽ ከሰው ተራ ሲያወጣኝ ነው የማየው። ጎህ የጻፈው ስሜት ገብቶኛል።

ለንደን ያለሁት | ጥቅምት 16

እዚህ እንግሊዝ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ብዙ ሐበሻ ይሄን ሥራ ይሠራል። ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ የሚያስተምሩን የ2005ቱን የአእምሮ ችሎታ ሕግ ነው። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ችሎታ የለውም አይባልም፣ ይሄንን ውሳኔ፣ አሁን፣ መወሰን ይችላል ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ቤት መሸጥ የማትችል ሴት ምን እንደምትለብስ፣ ማን እንዲጠይቃት እንደምትፈልግ መወሰን ትችላለች። ሌላው ደግሞ ሰው የማያዋጣ ውሳኔ ስለወሰነ ብቻ ችሎታ የለውም አይባልም። የ90 ዓመት ሴትዮ ስኳር እያለባቸው ኬክ ልብላ ቢሉኝ እነግራቸዋለሁ፣ እለምናቸዋለሁ፣ ግን አእምሯቸው ደህና ከሆነ ሳህኑን አልነጥቅም።

ደህና ሳሉ የሚፈረም፣ ከደከሙ በኋላም የሚቀጥል ውክልናም አለ። ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ለገንዘብ፣ አንዱ ለጤና። እዚህ ወላጆች ያሏችሁ አሁኑኑ አስመዝግቡ። ከዘገየ ነገሩ ወደ ልዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ወራትም ይፈጃል።

እናት ነኝ | ጥቅምት 18

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ባለፈው ወር 18 ሞላው። እስከ ዛሬ በሁሉም ቦታ እኔ ነበርኩ የምፈርምለት። አሁን በሕግ አዋቂ ነው አሉኝ። አይናገርም፣ ግን በስልኩ ሥዕል እየነካ የሚፈልገውን ይነግረኛል። ቢጫ ሸሚዝ ሲፈልግ ቢጫ ሸሚዝ ነው፣ ሌላ አይለብስም። ላስከለክለው ይገባል ወይ? ጎህ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ጠበቃ ከልደታ | ጥቅምት 18

እናት ነኝ፣ ለአንቺም ለብሬልም በአንድ ላይ ልመልስ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ ሁሉ ከሌላው እኩል ሕጋዊ ችሎታ አለው ይላል። ለመወሰን እገዛ ቢያስፈልገው መንግሥት እገዛውን ያመቻች ይላል። ነገሩን ከሥሩ ነው የሚለውጠው። የድሮው ጥያቄ «ማን ይወስንለት?» ነበር። አዲሱ «እንዲወስን ማን ያግዘው?» ነው። ስምምነቱን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሪፖርት ሲመረምር፣ በሌላ ሰው ምትክ የመወሰንን አሠራር በእገዛ በመወሰን እንድትተካ ጠይቋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ክልከላውን እንደያዘ አለ። ስለዚህ እኛ ጠበቆች ሁለቱን ይዘን ነው የምንቆመው።

ሌላ የሚያስጨንቀኝም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ክልከላ ለወራሾች ጥቅም ሲባልም ሊታዘዝ ይችላል ይላል። ይሄንን ባነበብኩ ቁጥር ይከብደኛል። ገና በሕይወት ያለን ሰው ሊወርሱት ለሚጠብቁ ብሎ መከልከል ምን ማለት ነው? ይህ አንቀጽ ይለወጥ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ።

ለአንቺ የምመክርሽ፣ ምን እንደቸገረሽ መጀመሪያ ለይተሽ ጻፊ። ለሕክምና ፊርማ ነው? ለባንክ ነው? ገንዘብ የለውም፣ ውርስ የለውም፣ የሚያስፈልገው ሐኪም ቤት ብቻ ከሆነ፣ ለአንድ ፊርማ ብለሽ የልጅሽን ስም በተከለከሉ ሰዎች መዝገብ አታስገቢ። ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ፣ ሥዕሉን እየነካ እሺ ሲል ያሳይ። የግድ ክልከላ ከሆነም ሥዕል የሚነካበትን ስልክ ዳኛው ፊት ይዘሽ ቅረቢ። የልጅሽ አፍ እሱ ነው።

እናት ነኝ | ጥቅምት 18

የልጅሽ አፍ እሱ ነው ያልከኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። እሺ፣ እንጠብቃለን።

መፍትሔ | ጥቅምት 20

ሁላችሁም አነበብኩ። የጻፍኩት ለመርዳት ነበር፣ እኛ ሰፈር እንደዚያ ስለሚደረግ። የሰሚትን ታሪክ ሳነብ ደነገጥኩ። የመነን ልጅ፣ ያልኩሽን ተይው።

የመነን ልጅ | ሚያዝያ 6 ቀን 2017

እንደምን ሰነበታችሁ። ስድስት ወር ሙሉ ስለጠፋሁ ይቅርታ። እስከመጨረሻው ካልነገርኳችሁ ግን ሰላም አላገኝም።

በሲስተር ምክር መጀመሪያ አስመረመርኳት። ኢንፌክሽን ተገኘ። ታከመች፣ ትንሽ ተሻላት። መርሳቱ አልቀረም፣ ግን ሌሊት ሌሊት መጮኋ ቆመ። ጆሮዋም ውስጥ የደረቀ ኩክ ነበር፣ ሲወጣላት ሬዲዮኑን ቀንሱ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ነበርን ሬዲዮ የምንጮህባት።

ከዚያ የጎህ ጥያቄ። አንድ ጠዋት ቡና አፍልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ቤቱን ምን እናድርገው?» አልኳት። ዝም አለች። ረሳችው ብዬ ስኒውን ላነሳ ስል «ተከራይዋ ልጅ ወልዳለች፣ ወዴት ትሄዳለች?» አለችኝ። ተከራያችን እውነትም በቅርብ ወልዳለች። እኔ ለእማዬ አልነገርኳትም፣ በግድግዳው ሕፃኑን ስትሰማ ነው የከረመችው። በሌላ ቀን ደግሜ ጠየቅኳት። መልሱ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜም ያው። የእኔን ስም ስታ በእህቷ ስም ጠርታኝ እንኳ መልሱ አልተለወጠም።

አቤቱታውን አስገባን። የሕክምና ማስረጃ፣ የልደት ማስረጃ፣ የወንድሜ ውክልና፣ ምስክሮች። ታናሽ ወንድሜ አሳዳሪ፣ እኔ ሞግዚት እንድንሆን ጠየቅን። የዕለት ወጪዋን ራሷ እንድትይዝም በጽሑፍ ጠየቅን።

የቀረበችበት ቀን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ነው። ስፈራ የነበረው አልደረሰም። ዳኛው አንቱ ብሎ አናገራት። «እማማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አላት። «ሚካኤል ነው» አለች። ሚካኤል አልነበረም። «ገንዘብዎን ማን ይያዝልዎ?» አላት። ወደ እኔ ጠቆመች። «ይቺ ትያዝልኝ። ግን ቆጥራ ትስጠኝ» አለች። ዳኛው ጻፈ። ከዚያ ስለ ቤቱ ጠየቃት። ስለ ሕፃኑ ነገረችው።

ውሳኔው ወጣ። ቤቱ አልተሸጠም። ታላቅ ወንድሜ መጀመሪያ ተቆጣ። የችሎቱን ነገር በስልክ ስነግረው ግን ረጅም ዝም ካለ በኋላ የመድኃኒቱን ግማሽ እኔ እልካለሁ አለ። ሦስት ወር ሆነው፣ እየላከ ነው።

ጎህ | ሚያዝያ 6

ቆጥረሽ ትሰጫታለሽ?

የመነን ልጅ | ሚያዝያ 7

አዎ። በየወሩ መጀመሪያ 500 ብር በአሥር አሥር ብር አድርጌ ፊቷ እቆጥርላታለሁ። በመሐረቧ ቋጥራ ጡቷ ሥር ትይዘዋለች። አብዛኛውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለነዳያን ትሰጠዋለች፣ አንዳንዱን የት እንዳደረገችው አይታወቅም። ለፍርድ ቤት በማቀርበው የሒሳብ ደብተር ላይ «ለራሷ የተሰጠ» ብዬ ነው የምጽፈው።

ሰሚት 3 | ሚያዝያ 7

ደብተሩን ለሁለቱም ወንድሞችሽ በየወሩ ፎቶ አንሥተሽ ላኪላቸው።

የመነን ልጅ | ሚያዝያ 7

እሺ። ዛሬ የመጋቢትን ልኬላቸዋለሁ።